ርብ ውስጥ የቀረው ሰውዬ

ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ተጠይቆ በአንድ ቃል ከተገላገለ ዕድለኛ ነው። ወረታ ከተማ ላይ ‹‹ሩዝ እነግዳለሁ›› ያለ ሰው ሁለተኛ ጥያቄ አይመጣበትም። ‹‹አርሳለሁ›› ያለም እንደዚያው፤ ቢበዛ ‹‹ዘንድሮ እንዴት ነው?›› ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ‹‹የሥዕል ታሪክ እጽፋለሁ፣ ያ እንኳ ኮሚክ የሚሉት›› ባልኩ ቁጥር ጠያቂዬ በአክብሮት ራሱን ይነቀንቅና ትንሽ ቆይቶ ‹‹እሺ፣ ሥራህስ?›› ይለኛል። እናቴ ይህን ጣጣ ስለምታውቅ ለሰው ሁሉ ‹‹መምህር ነው›› ብላ ትገላገላለች። አልዋሸችም። ጠዋት ጠዋት አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሥዕል የሚወዱ ተማሪዎችን ሰብስቤ ታሪክ በሥዕል እንዴት እንደሚነገር አሳያቸዋለሁ። ሐሙሲትና አንበሳሜ ድረስ ተጠርቼ ለመምህራንም አሳይቻለሁ። አንበሳሜ ላይ እንዲያውም ምሳ ጋብዘውኛል፤ በሙያዬ እስካሁን ያገኘሁት ትልቁ ሽልማት እሱ ነው።

ባለ ሙሉ ነፃነት ደራሲ ነኝ። ነፃነት ማለት፣ ካላወቃችሁት፣ የሚከለክልም የሚረዳም የለም ማለት ነው። ጸሐፊው እኔ፣ ሠዓሊው እኔ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ የሚጠብቀው እኔ፣ በስቴፕለር የሚያሲዘው እኔ። መብራት ሲጠፋ ሥነ ጽሑፍ ይቆማል። አከፋፋይ ግን አለኝ። ሸምሱ ይባላል፤ ገበያው መግቢያ ላይ ሱቅ አለው። መጽሐፎቼን በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ፣ ከሳሙናውና ከካልሲው ጎን ይሰቅልልኛል። ችግሩ፣ ሁልጊዜ ጀርባቸውን ወደ መንገድ አዙሮ ነው የሚሰቅላቸው። ለምን ስለው ‹‹ፊቱን ፀሐይ እንዳያነጣብህ ብዬ ነው›› ይለኛል። ከልቡ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። በነሐሴ ያወጣሁት መጽሐፍ በላቸው ስለሚባል ገበሬ ነው። ክረምት ነው፤ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውጦታል፤ የበላቸው ከብቶች ማዶ ቀርተዋል። ወዲህ የቀረው አንድ በሬ ብቻ ነው። በላቸው እንደ ፎገራ ሰው ልማድ የበሬውን ጭራ ይዞ ሊሻገር ውኃው ውስጥ ይገባል፤ መሐል ላይ ጭራው ከእጁ ያመልጠዋል። የመጨረሻው ገጽ፣ ማለትም የመጽሐፉ ጀርባ፣ ይኸው ነው፤ ሰፊ ውኃ፣ አንድ ራስ፣ አንድ የተዘረጋ እጅ። ከሥሩ ‹‹ይቀጥላል›› ብያለሁ። ለተማሪዎቼም የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ አንባቢን እዚያው አንጠልጥላችሁት ሂዱ፣ ራሱ ፈልጓችሁ ይመጣል እላቸዋለሁ። የማልነግራቸው ደግሞ አለ። በላቸውን ብቻውን የተውኩት ለታሪኩ ስል ብቻ አይደለም፤ ሕዝብ መሳል አልወድም። ሰውን መሳል አይከብድም፤ የሚከብደው እጅ ነው፤ ፈጣሪ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ሰጥቶታል። ሥራዎቼን ልብ ብላችሁ ብታዩ ሰዎቼ ሁሉ ጋቢ ለብሰዋል።

አንባቢ ራሱ ፈልጎ ይመጣል አላልኩም? መጣ። እማማ ጥሩነሽ ይባላሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሸምሱ ሱቅ ፊት ለፊት ሽንኩርት ዘርግተው የሚሸጡ እናት ናቸው። ትምህርት እንደተከፈተ ሰሞን መጥተው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

‹‹መምር፣ ያ ሰውዬ እስካሁን አልወጣም ወይ?›› አሉኝ።

‹‹የቱ ሰውዬ?››

‹‹ርብ ውስጥ ያለው።››

ደነገጥኩ። ጠመኔዬን ጥዬ ‹‹ማን ገባ? መቼ?›› አልኩ፤ ወንዙ ገና አልጎደለም ነበርና።

‹‹ሸምሱ ሱቅ ላይ የሰቀልከው ነዋ! እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓይን ግን አለኝ። ሽንኩርቴን በዘረጋሁ ቁጥር ያ ልጅ እጁን ዘርግቶ ያየኛል።››

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ታሪክ መሆኑን፣ ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣ የሰውየው ነገር እንደሚለይ አስረዳኋቸው።

‹‹መቼ ነው እሱ?››

‹‹ለገና ይደርሳል።››

‹‹እስከ ገና ውኃ ውስጥ?›› አሉ። እንደ እናት ነው የተቆጡኝ።

ወንበር ሰጠኋቸው። ተቀመጡና ነገሩኝ። አዲሱ የሚባል ልጃቸውን ርብ ነው የወሰደው፤ የሩዝ ማሳውን አይቶ ሲመለስ። ዓመታት አልፈዋል። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ሰፈሩ እንዳለ ገበያ ወጥቷል፤ እሳቸውም ወረታ፣ ሽንኩርታቸው ላይ ነበሩ። በኛ አገር ሰው ውኃ ወሰደው ከተባለ የሰማ ሁሉ ሞፈሩንም ሊጡንም ጥሎ ወንዝ ዳር ይወጣል። ገመድ ያለው ገመድ፣ ምርኩዝ ያለው ምርኩዝ ይዞ፤ ምንም የሌለው ደግሞ ወንዙን እየተከተለ ‹‹አይዞህ! አለንልህ!›› እያለ ይጮኻል። ሰውየው እስኪወጣ ወይም ቁርጡ እስኪታወቅ ድረስ ከዚያ ዳር ንቅንቅ የሚል የለም። ለአዲሱ ይህን የሚያደርግለት ሰው አልተገኘም።

‹‹አስከሬኑን አግኝተን ቀብረነዋል፤ ተመስገን ነው›› አሉ። ‹‹አውጣው አልልህም። እግዜር ያላወጣውን አንተ በምን አቅምህ። ግን እባክህ ልጄ፣ ሰው ሳልለት። ዳር ላይ ሰው ይኑርለት። ሲጣራ የሚሰማው ይኑር።››

እሺ አልኩ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ በላቸው በሁለተኛው መጽሐፍ ገና ሲጀመር ሊሰምጥ ነበር። ቁም ነገረኛ ደራሲ ጀግናውን ይገድላል የሚል ነገር ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎቼ ‹‹ውኃ ቢወስዳችሁ ዳር ላይ እንዲቆምላችሁ የምትፈልጉትን ሰው ሳሉልኝ›› አልኳቸው። እንዲህ ያለ የቤት ሥራ በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ የለም። በማግሥቱ ያመጡትን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩት። ቄስ አባቷን ከነጃንጥላቸው የሳለች አለች። አንዱ ሹፌር ወንድሙን ከነባጃጁ አምጥቶታል፤ ባጃጅ ለጎርፍ ምን ይረዳል ብዬ ብጠይቀው ‹‹መብራት ያበራለታል›› አለኝ። ሸምሱን ሳይነጋገሩ የሳሉት ብዙ ናቸው፤ ይህን ያህል መወደዱን እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። አንዲት ልጅ ደግሞ እኔን ሳለችኝ። ጋቢ አላለበሰችኝም፤ ሁለት እጆቼን ወደ ውኃው ዘርግቻለሁ።

ሁሉንም ሰብስቤ አንድ ሰፊ ገጽ ላይ አሰፈርኳቸው። ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ርብ ዳር ሕዝብ ሆነ። ያን ሁሉ ሰው አቁሜ፣ ገመድ አስይዤ፣ አስጩኼ ከጨረስኩ በኋላ በላቸውን ላሰምጠው እርሳሴን አነሣሁ። አልቻልኩም። እነዚያ ሰዎች ምን ይሉኛል?

ገጹን በብዕር ከማድመቄ በፊት እማማ ጥሩነሽን ጠርቼ ዘረጋሁላቸው። አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ አዩአቸው። ቄሱ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ወረቀቱን ተሳለሙ። ሸምሱን ሲያገኙ ሳቁ። መጨረሻ ላይ ‹‹እኔስ?›› አሉ።

ኮራ ብዬ አሳየኋቸው። ከሁሉም ፊት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው እየጮኹ ስያቸዋለሁ። ከሁሉም የደከምኩት እሳቸው ላይ ነው። እሳቸው ግን አይተው አይተው ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ።

‹‹ይቺ እኔ አይደለሁም።››

‹‹ፊቱ አልመሰለልዎትም?››

‹‹ፊቱስ የኔው ነው። ግን እዚህ ቆማ ምን ትሠራለች? ያን ቀን እኔ ብኖር ዳር ቆሜ የማለቅስ ይመስልሃል?››

ላጲሴን አነሣሁ። ከዳሩ አጠፋኋቸውና ውኃው ውስጥ ሳልኳቸው፤ እስከ ወገባቸው ገብተው፣ ነጠላቸው ውኃው ላይ ተንሳፎ፣ እጃቸውን ወደ በላቸው ዘርግተው። ጎንበስ ብለው አዩት።

‹‹ጠጋ አድርጋት›› አሉ።

አጥፍቼ ጠጋ አደረግኳቸው። ውኃው ደረታቸው ላይ ደረሰ።

‹‹ትንሽ ጠጋ።››

‹‹እማማ፣ ከዚህ በላይማ እርስዎንም ይወስድዎታል›› አልኳቸው።

‹‹ይውሰደኝ›› አሉ። ‹‹ጠጋ አድርጋት።››

አጠፋሁ፤ እንደገና ሳልኩ። አሁን በሁለቱ መሐል ውኃ የምስልበት ቦታ አልቀረኝም።