መሪጌታ የጨረቃውን መጽሐፍ ሲያስረዱ

በየሰፈሩ አንድ አስረጂ አይጠፋም። ዝናብ ሲዘንብ መዝነቡን የሚያስረዳ፣ ላም ስትወልድ አወላለዷን ለላሟ የሚያስረዳ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ አልቃሹ ለምን እንደሚያለቅስ ለአልቃሹ የሚነግር ሰው። ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ደብረ ታቦር ላይ ይህን ሹመት የያዙት መሪጌታ ገብረየሱስ ነበሩ፤ ርእሰ አስረጂዎች፣ ሊቀ ጣልቃ ገቦች። መሪጌታ ብሎ የሾማቸውን ሰው ግን ያየ የለም።

ይርጋ እኒህን ሰው አይወዳቸውም ነበር። አይወዳቸውም ማለትም ነገሩን ማሳነስ ነው። ይርጋ ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ የሚሰብር፣ አፉ የማይፈታ ሰው ነው። ቀን አለቃው ይጮህበታል፤ ይውጣል። አንዳንዴም በጫማው ይረግጠዋል፤ እሱንም ይውጣል። ወደ ማታ የዋጠውን ሁሉ ይዞ ቤቱ ሲገባ መሪጌታ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ያገኛቸዋል። አገሩን ጣሊያን ያዘበት፣ በርጩማውን መሪጌታ።

ነገሩ የባሰው ሚስቱ ብዙነሽ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ድንጋይ አዳልጧት እግሯ የተሰበረ ጊዜ ነው። ወጌሻው እሸቴ አጥንቱን ገጥሞ በቀርከሃ አሰረውና፣ «አርባ ቀን መሬት እንዳትረግጪ። ከረገጥሽ ይጣመማል፤ ዕድሜሽን ሙሉ ታነክሻለሽ» አላት። ብዙነሽ ደግሞ ተነሥታ ዶሮ ካላባረረች ቀኑ የነጋ የማይመስላት ሴት ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ከመደቡ ልትወርድ ስትል ይርጋ ደረሰባት።

እግሯ ከመሰበሩ በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጣሊያኖቹ ሰፈራቸው ውስጥ ነጭ ሸራ ሰቅለው በብርሃን የሚሮጡ ሥዕሎች ሲያሳዩ ይርጋ ከአጥር ውጭ ሆኖ ግማሹን አይቶ ነበር። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሚስቱንና ልጆቹን የብረት ድስት በሚመስል ነገር ጭኖ ወደ ጨረቃ ይበራል። ሰውዬው በወደቀ ቁጥር ጣሊያኖቹ ይስቃሉ። ይርጋም ሳቀ። ከእነሱ ጋር እኩል መሳቁ ትዝ ሲለው ደግሞ በገዛ ራሱ ተናደደ። ሳያልቅም ዘበኛው ከአጥሩ ውጭ የቆሙትን ሁሉ አባረረ።

እግሯ በተሰበረ በአሥረኛው ቀን አንድ ካሚዮን ጭቃ ውስጥ ሰመጠና ይርጋ ከጎማው ሥር ድንጋይ አነጠፈለት። ሹፌሩ ከመቀመጫው ሥር ስስ መጽሐፍ መዞ ሰጠው። ያው ወፍራም ሰውዬ፣ ያው ድስት፣ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል። ይርጋ ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ፊደል ላይ ይርጋ ደካማ ነው። የቄስ ትምህርቱን ገና ሳያጋምስ ትቶታል፤ ስሙን ለመጻፍ ያልበዋል። ይህ ግን ሥዕል ነው። ለአንድ ቀን እንኳ እሱ ተናጋሪ፣ ሚስቱ ሰሚ እንድትሆን ፈለገ።

«እይውልሽ ብዙዬ፣ ይሄ ሰውዬ…» ብሎ ሳይጨርስ ከበሩ «ቆይማ» የሚል ድምፅ መጣ። መሪጌታ ናቸው። መጽሐፉን ከእጁ ወስደው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ይህ ምንድን ነው ትላለህ?»

«ድስት ነገር ነው፣ መሪጌታ።»

«ድስት አለ። ይህ የኖኅ መርከብ ነው። አንድም ዮናስ የገባበት የዓሣ ሆድ ነው። አንድም የትዕቢት ምሳሌ ነው።»

ሊቃውንቱ ቅዱስ መጽሐፍ የሚተረጉሙበትን «አንድም» መሪጌታ ለድስት አዋሉት። በዚህ አያያዝ በአንድ ማታ አንድ ሥዕል። ይርጋ የቆላላቸው ቆሎ እስኪያልቅ ያስረዳሉ፤ ቆሎው ሲያልቅ መጽሐፉን ይከድናሉ። «የቀረውን ነገ ለእኔ ተዉልኝ።»

ሰውዬው ጨረቃ ላይ የወረደ ዕለት ወደ በሩ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው አገር ወጡ። ማን ጠራቸው? አንድም መመለሻቸውን አላሰቡም። አንድም እዚያ ላይ ማን ይጋግርላቸዋል?» ብዙነሽ የታሰረ እግሯን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ይርጋ ጥግ ላይ ቆሞ ጥርሱን አፋጨ። ቆሎውስ ይሁን፤ ያ ሳቅ ግን የእሱ ነበር።

በሃያ አምስተኛው ቀን አውሬው ጋ ደረሱ። አረንጓዴ፣ ሆደ ሰፊ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቹን ወደ ተመልካቹ ያፈጠጠ የጨረቃ አውሬ። ወፍራሙ ሰውዬ ወደ ጎን ዞሮ ተሥሏል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

«ተገኘ» አሉ መሪጌታ። «የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይተህ አታውቅም? ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ኃጥእ በአንድ ዓይኑ። አውሬው ጻድቅ ነው። ወፍራሙ ከይሁዳ ወገን ነው።»

«የለም» አለ ይርጋ። የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። «ሰውዬው ደግ ነው። እኔ በሸራ አይቼዋለሁ።»

መሪጌታ በርኅራኄ አዩት። «ልጄ፣ ለመሆኑ ፊደሉን የት ላይ ነበር የተውከው?»

ያን ጊዜ የተዋጠው ሁሉ ወጣ። «ይውጡ» አለ ይርጋ። «ከቤቴ ይውጡ። ቀን በእነሱ ተረግጬ ማታ በእርስዎ አልረገጥም። ድስቱም ድስት ነው፣ መጽሐፉም የእኔ ነው።»

መሪጌታ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ሳያስረዱ የወጡበት ቤት ከዚያ በፊት ነበረ ለማለት ያስቸግራል።

በማግስቱ ይርጋ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ገለጠ። «በረሩ። ወረዱ። አውሬው አባረራቸው። ኋላ ታረቁ፤ አውሬው ድስቱን ገፋላቸውና አገራቸው ገቡ።»

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«ይኸው ነው?» አለች ብዙነሽ። ይርጋ እሳቱ ላይ የጣደው ገብስ ገና አልተቆላም። ወደ በሩ ስታይ ቆየችና፣ «ጎመኑን አረም ውጦት ይሆናል» አለች።

በሁለተኛው ቀን ከሥራ ሲገባ ምሰሶውን ተደግፋ፣ ደህናው እግሯ መሬት ላይ፣ የታሰረውን ልታስከትል ስትል አገኛት። አቅፎ መለሳት። «ገና አሥራ ሦስት ቀን አለሽ» ብሎ ለመናት።

«አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ጣራ ልቁጠር? አንተ እንደሆንክ አትናገርም።»

ይርጋ መጽሐፉን አነሣ። «አንድም…» አለ። ጠበቀችው። «አንድም…» ምንም አልመጣለትም። ሚስቱ እንዳታፍርበት ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር አየና ተነሥቶ ወጣ።

የመሪጌታ በር ክፍት ነበር። ብቻቸውን ተቀምጠው፣ አንዲት ዶሮ ፊታቸው ቆማ፣ እንቁላል እንዴት እንደሚታቀፍ ሲያስረዷት ደረሰ። መንገድ ላይ ያጠናው ይቅርታ ሁሉ ጠፋበት።

«መሪጌታ፣ ያልገባን ሥዕል አለ።»

«የትኛው?»

ይርጋ አላሰበበትም ነበር። «ሁሉም» አለ።

መሪጌታ ዶሮዋን ይቅርታ የጠየቁ ያህል ቀስ ብለው ተነሡ፤ ጭራቸውን ፈለጉ፣ ነጠላቸውን ጣል አደረጉ። የይርጋ ቤት ጭስ መታየት ሲጀምር ቆም ብለው፣ «ስንት ቀን ቀራት?» አሉ።

«አሥራ ሦስት።»

በጣታቸው ገጾቹን አሰቡ። «ለቀሩት ቀናት አሥራ ሁለት ሥዕል ነበር የሸሸግሁላት። ሁሉንም ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«እንግዲያ ከመጀመሪያው እንነሣለን። አንተ ወፍራሙ ጻድቅ ነው፣ በሸራ አይቻለሁ ብለህ ትከራከረኛለህ፤ እኔ እረታሃለሁ። ክርክር ከሥዕል ይረዝማል።»

ይርጋ አሁንም ተናዶ ነበር። «እኔም እረታዎት ይሆናል» አለ። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ግን እንዳይወድቁ ክንዳቸውን ያዘ።