ሐጂ ኑሩ ስሜንን ያዩ ዕለት

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። እኛ ጎንደሬዎች ግን ልጡንም አንነክርበትም። ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ፣ ዳገት ቧጦ የሚያየውን የስሜን ተራራ እኛ የምናውቀው ከቀን መቁጠሪያ ሥዕል ላይ ነው። "አይታችሁታል?" ብትሉን ደግሞ እንቆጣለን። የራስ ተራራ ይታያል እንዴ!

ከእንዲህ ዓይነቶቹ አንዱ ሐጂ ኑሩ ናቸው። እሳቸው ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እኔ ከሱቃቸው በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ "እስቲ አንድ ቀን ስሜን ውሰዱኝ" ባሉ ቁጥር፣ "ምነው? ድንጋይ እዚህ ጠፋብሽ?" ይሏቸዋል።

ታዲያ አንዲት ሰዓሊ ከአዲስ አበባ መጣች። ስሜንን በካሜራ አንስታ፣ ሰማዩን በገዛ ቀለሟ ስላ፣ መነጽር ውስጥ ከታዋለች። "ቪአር" ይሉታል፤ ዓይን ላይ ሲያጠልቁት ካሉበት ነቅሎ ሌላ ዓለም የሚከት ነገር ነው። ከተሜው ተፈጥሮን እንዲወድ ነው አሉ። አዳራሹ ከሱቃችን ፊት ለፊት ነበርና ሦስታችንም ገባን።

ሐጂ መነጽሩን እንዳጠለቁ ደርቀው ቀሩ። ቀጥለው አንድ እግራቸውን አነሱ፤ መልሰው ግን አላሳረፉትም።

"ያዙኝ! ገደል ነው!"

በሲሚንቶ ወለል ላይ ቆመው የሰዓሊዋን ነጠላ ጨብጠው ተንጠለጠሉ። ጭላዳ ዝንጀሮ ቀረባቸው መሰለኝ፣ ነጭ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔማ እንባዬን የጠረግሁት በሰው ጋቢ ነው።

ተራው የእትዬ ዘይነባ ሆነ። እሳቸው አልጮሁም። ዞር ዞር አሉና ጉንጫቸውን ወደ አንድ ወገን ሰጥተው ጠበቁ።

"ሸጋ ነው ልጄ" አሏት ሰዓሊዋን። "ነፋሱ ግን የታል?"

ልጅቷ ሳቀች። "እሱን ማምጣት አልቻልኩም እማማ። እዚያው ነው ያለው።"

ሐጂ የሚስታቸውን ፊት አዩና ሳል ሳል አደረጋቸው። በማግስቱ ሱቁ ተዘጋ። ሚኒባስ ተኮናተሩ፤ "ልብስ ሰፊም ተፈጥሮ ያስፈልገዋል" ብለው እኔንም ጫኑኝ።

ስሜን ስንደርስ ነፋሱ የእትዬ ዘይነባን ሻሽ ሊነጥቅ ታገለ። እሳቸው ምን ገዷቸው! በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ባላቸውን "ሐጂ"፣ "አንቱ" ሲሉ የኖሩት ሴት፣ አፋፉ ላይ ቆመው እንደ ኮረዳ ተጣሩ።

"ኑሩዬ!"

ተራራውም "ኑሩዬ... ኑሩዬ..." አለ።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሐጂ እስከ ጆሯቸው ቀሉ፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ በባዶ ስማቸው የጠራቸው ሰው የለማ! ከዚያ ገደል መፍራታቸውን ረስተው ከሚስታቸው ጎን ቆሙና "ዘይነቢ!" ብለው ለቀቁት። መጠራራቱ ቀለጠ። ሾፌሩ ሰው የወደቀ መስሎት እየሮጠ መጣ።

"ምን ሆኑ?" አለኝ እያለከለከ።

"ምንም" አልኩት፤ "እየተዋወቁ ነው።"