ሶፋ ላይ የተቀመጠው ፈረሰኛ

ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሰው ሽምግልና አይችልም! ብትቆጡም ልክ ነኝ። እኔን እዩኝ፦ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ያስተማረኝ እዚህ ለንደን ያለው የዊልስደን ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው፤ ዛሬ ግን በዚህ ሰፈር ያለ እኔ ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ የለም። (ካለም አልነገረኝም።)

የእህቴ ልጅ ዳንኤል ሄለንን ሊያገባ ፈለገ። አባቷ አቶ ሀብቶም፣ ቁጥብ የአስመራ ሰው፣ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሰዋል። "ሦስተኛው የመጨረሻ ነው" አሉ። ታዲያ ማን ይምራ? እኔ!

ያን ሰሞን ስለ ፈረሰኞች ፍቅር የጻፈ አንድ የጥንት ፈረንሳዊ ገጣሚ እያነበብኩ ነበር። የእሱ ፈረሰኛ የታዘዘውን "ለምን?" ሳይል ይፈጽማል። ለሽምግልና የተጻፈ እኮ ነው!

እንደ ወጉ እሺ ሳይሉን አንቀመጥምና፣ አቶ ሀብቶም ቤት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቆሜ ስለዚያ ፈረሰኛ አንድ ሰዓት ተናገርኩ። ፈረሰኛው የገደለው ሦስተኛው ዘንዶ ላይ ስደርስ ጓደኞቼ ግድግዳውን ተደገፉ።

"ልጃችንም እንደዚያ ፈረሰኛ ያዘዙትን ሁሉ ይፈጽማል!" አልኩ።

"ሁሉን?" አሉ አቶ ሀብቶም።

"ሁሉን!"

"እንግዲያው ከተማው ጫፍ፣ ክሮይደን፣ እህቴ ቤት አንድ ሶፋ አለ። አሁን ይምጣልኝ።"

"ዳንኤል ሥራ ላይ ነው..."

"ቃሉን የሰጡት እርስዎ ነዎት።"

ጉድ ፈላ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ... እምቢ ብል ሠርጉ ቀረ። ሄድኩ።

ሶፋው ለአንድ ሰው የሚሆን፣ ከሥሩ ትንንሽ ጎማ ያለው ነው። ገፍቼ ትራም ውስጥ አስገባሁትና ተቀመጥኩበት።

"ጌታዬ፣ ሶፋ ይዞ መሳፈር ክልክል ነው!" አለ ተቆጣጣሪው።

"ልጄ፣ እኔ አልያዝኩትም፤ እሱ ነው የያዘኝ!"

የአዛውንት ነጻ ማለፊያዬን ቼክ አደረገ። "የሶፋውስ?"

"እሱማ በዕድሜ ይበልጠኛል!"

ከትራም ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ ሽቅብ መንገድ... ላቤ ጠብ እያለ ስደርስ ጓደኞቼ ተቀምጠው ይበላሉ!

"ጋሼ ታደሰ፣ ጉድ ኒውስ!" አለች ሄለን። "አባዬ እሺ ብሏል!"

"መቼ?"

"እርስዎ ወጥተው... በሩ እንደተዘጋ።"

አቶ ሀብቶም ሶፋውን ዞር ዞር ብለው አዩት። "ውይ፣ እህቴ ልትጥለው ነበር እኮ!"

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። ፈረንሳዊ ገጣሚ ይዤ ሽምግልና ገብቻለሁ። ሶፋ በነጻ አሳፍሬያለሁ። የስደተኞች ቢሮ ያለበት ክሮይደን ሄዶ ቅጽ ሳይሞላ የተመለሰ ብቸኛው ሐበሻ ሆኛለሁ። ከሁሉ በላይ፣ እኔ ባልሄድ ኖሮ አቶ ሀብቶም ልጃቸውን አይሰጡም ነበር፤ ይህን ጓደኞቼም በአንድ ቃል ይመሰክራሉ!