ክብርት ቦታ-ልቀቁ

የሞላ ነገር ካየች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት በየመሥሪያ ቤቱ አትጠፋም። የእኛም ሆስፒታል የደረሰችውን ዳታቤዝ ክፍል ውስጥ አስቀምጧታል። ካርድ ክፍል ያለነው ደግሞ «ክብርት ቦታ-ልቀቁ» የሚል ማዕረግ ሰጥተናታል።

ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይዋ በመጋረጃው ስንጥቅ ገብታ ወለሉ ላይ ስትጋደም፣ ክብርትነታቸው በሩን ገፋ አድርገው ይገባሉ። «እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሱ! ትንሽ ይተንፍስ!» አስም ያለበትን አጎቷን የምታስታምም ነው የምትመስለው። የሕሙማን ካርድ የሚያዝበት ሲስተም ሲያጠራቅም የከረመውን ኮተት ትጠርጋለች፤ የተዘበራረቀውን ማውጫ መልሳ ትደረድራለች። «ማውጫው የተበላሸ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ስም ፈልግ ብልህ፣ ጢምህ ይሸብታል» ትለኛለች። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ያንጎራጉራል። ስክሪኑ ላይ ሥራው የደረሰበትን የምታሳየው አረንጓዴ መስመር እንደ ደመና ቀስ እያለች ስትጓዝ፣ እኔም አብሬያት ጭልጥ እላለሁ።

አለቃችን ግን ይህ የወረፋ ማብዣ ነው ብሎ ጥገናውን ከለከለ።

«ጋሼ፣ ዲስኩ ሊሞላ ነው» አለችው።

«ሲሞላ ትነግሪኛለሽ።»

ሞላ። አንድ ማለዳ ሲስተሙ ቀጥ አለ። ያን ጊዜ ነው ራሳቸውን የሳቱ አባት በአልጋ እየተገፉ የገቡት። ልጃቸው መስኮቴን ትደበድባለች። «የማይስማማው መድኃኒት አለ! ስሙ ጠፋብኝ! እዚሁ ነው ያስመዘገብነው!» ሐኪሙ መርፌውን እንደያዘ እኔን ያየኛል፤ እኔ ባዶውን ስክሪን አያለሁ።

ክብርት ቦታ-ልቀቁ እየሮጠች ገባች። «ተነሣልኝ» አለችና ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ኮተቱን መጥረግ ጀመረች። በመጨረሻ የአባት ካርድ፣ ከውኃ ሥር እንደሚወጣ ሁሉ፣ ቀስ ብሎ ብቅ አለ፤ ፔኒሲሊን አይስማማቸውም። ሐኪሙ የያዘውን መርፌ አስቀምጦ ሌላ አዘዘ። ከሰዓት በኋላ አባት ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ጫማዬን የት አደረጋችሁት?» አሉ። አለቃችንም ብቅ ብሎ፣ «እንግዲህ… ዓርብ ዓርብ…» አለና ጉሮሮውን ጠራርጎ ሄደ።

ከሥራ ስንወጣ አንድ ታክሲ ውስጥ ገባን። እሷ መቼ አርፋ ትቀመጣለች! «ቀድሞ የሚወርድ ወደ በሩ! መጨረሻ የሚወርድ ወደ ኋላ!» ሰው እየሳቀ ታዘዘላት። ራሷ ከኋላ ጥግ ላይ፣ ምሽቱ ወርቅ በቀባው መስኮት ሥር ተቀመጠች።

«አንተስ የት ነው የምትወርደው?» አለችኝ።

ቤቴ የመጀመሪያው ፌርማታ አጠገብ ነው።

«መጨረሻ» አልኩና አጠገቧ ቁጭ አልኩ።