ለእንግዳ የተቀመጠ ባትሪ

የሰው ልጅ እሳትን ካገኘ ወዲህ ኃይልን የማጠራቀም ጥበብ ብዙ ደረጃዎችን አልፏል። ከእነዚህ ደረጃዎች የመጨረሻውና የረቀቀው፣ ማለትም ኃይልን አጠራቅሞ አለመጠቀም፣ የተገኘው በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ በእኛ ብሎክ ነው። የነዋሪዎች ኮሚቴው የሕዝብ ግንኙነት ተጠሪ እንደመሆኔ ይህን ታሪክ ለትውልድ ማስተላለፍ ግዴታዬ ነው። ሌላው ቢቀር ሰብሳቢያችን አቶ መኩሪያ አዘውኛል።

የጥበቡ ምንጭ ሩቅ አይደለም። በየቤታችን ቡፌ አለ፤ በቡፌው ውስጥ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ከንፈር ያልነካቸው ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። እኛ ውሃ የምንጠጣው በፕላስቲክ ኩባያ ነው። ሶፋችን ከሱቅ የመጣበትን ላስቲክ እንደለበሰ ነው፤ ልጆቻችን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለው አድገዋል። ይህ ንፉግነት የሚመስለው ካለ ወግ አያውቅም። ጥሩ ነገር ሁሉ የእንግዳ ነው። እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን ብረት ነው ይባላል፤ ያልመጣ እንግዳ ግን ምንጊዜም ወርቅ እንደሆነ ይኖራል።

የባትሪው ነገር የተጀመረው በጋሽ ኃይለኪሮስ ትንፋሽ ነው። ጋሽ ኃይለኪሮስ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዕፀገነት ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በመቀሌና በአዲስ አበባ መካከል የጭነት መኪና ሲነዱ የጨረሱ ሰው ናቸው። ሳንባቸው ሲታመም ሐኪሙ ከአየር ላይ ኦክስጅን እያጣራ የሚሰጥ ማሽን አዘዘላቸው። ማሽኑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል፣ ወይዘሮ ዕፀገነት ወደ ሲሊንደሩ ይሮጣሉ፣ ሲሊንደሩ ደግሞ ያልቃል።

አቶ መኩሪያ ይህን አይተው ዝም አላሉም። በየበሩ እየዞሩ፣ «ጎረቤታችን ዓይናችን እያየ ይታፈን?» ሲሉ እንባ ያልተናነቀው አልነበረም። ያለው ካለው፣ የሌለው ተበድሮ አዋጣ። ጣራው ላይ ሶላር ተዘረጋ፤ የበዓል ቅርጫ በምንከፋፈልበት ኮሙናል ቤት ውስጥ ደግሞ ቁም ሳጥን የሚያክል ባትሪ ቆመ። ቦሌ መንገድ ላይ ቢሮ ካለው ድርጅት መጥቶ የገጠመው ኢዩ የሚባል ወጣት ነበር፤ ጆሮው ላይ የስልክ ማዳመጫ ሰክቶ ነው የሚያስረዳው።

«ቀን ሶላሩ ይሞላዋል፣ መብራት ሲሄድ ባትሪው በራሱ ይነሳል። ኦቶማቲክ ነው አባባ፤ እርስዎ ሪላክስ ያድርጉ።»

«ይሄ የሚያበራው ቁጥር ምንድን ነው?» አሉ አቶ መኩሪያ።

«ፐርሰንት ነው። መቶ ማለት ፉል ነው።»

«ስንጠቀምበትስ?»

«ይወርዳላ!»

«ይወርዳል?»

«ማታ ይወርዳል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይመለሳል። ኖርማል ነው።»

አቶ መኩሪያ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የፕሮቶኮል ሹም ነበሩ። ዕቅድ ሲቀርብ፣ ሪፖርት ሲነበብ ኖረዋል፤ እውነተኛ መቶ ግን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ቁጥሩን ትክ ብለው ሲያዩ ፊታቸው ላይ የመጀመሪያ ልጁን የታቀፈ አባት ስሜት ይነበብ ነበር።

«እንግዳ መጥቶ ሰባ ቢያይስ?» ብለው ጠየቁ።

ኢዩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቻው ብሎን ከመሄዱ በፊት ግን አቶ መኩሪያ ኦቶማቲኩን አስጠፍተው፣ ባትሪው ሰው በእጁ ካልከፈተው በቀር እንዳይነሳ አስደረጉ።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አቶ መኩሪያ ቆመው ንግግር አደረጉ። «የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፤ ፕሮጀክታችን መቶ በመቶ ተጠናቋል፤ ለዚህም ማስረጃው ራሱ ባትሪው ነው። የቀረን ምረቃ ብቻ ነው። ያልተመረቀ ነገር እንደማይነካ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። የክብር እንግዳ መጥቶ ሪባን እስኪቆርጥ ድረስ ከዚህ መቶ ላይ አንዲት እንዳትጎድል!» አጨበጨብን። ገንዘብ ያዣችን ወይዘሮ አፀደ ለባትሪው ነጭ ዳንቴል ሠርተው አለበሱት፤ ቁጥሩ የሚታይበትን ቦታ ብቻ ክፍት ተዉለት። እውነቱን ለመናገር በጣም አማረበት።

ባትሪው ዳንቴሉን እንደለበሰ ብዙም ሳይቆይ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ መብራት ሄደ። ወይዘሮ ዕፀገነት በነጠላ ጫማ ደረጃውን ሲወርዱ እኔና አቶ መኩሪያ ኮሙናሉ በር ላይ ቆመን ባትሪውን እያደነቅን ነበር።

«አቶ መኩሪያ፣ እባክዎ ይክፈቱልን፤ ማሽኑ ቆሟል።»

«ገና አልተመረቀም እኮ ወይዘሮ ዕፀገነት።»

«ሲሊንደሩ ሊያልቅ ነው!»

«አይዞዎት፣ ባትሪው ሙሉ ነው።»

«እኮ! ትንሽ ብቻ፣ መብራት እስኪመጣ።»

«ትንሽ ብሎ ነገር የለም። ትንሽ ከነካነው ዘጠና ዘጠኝ ይሆናል፤ ዘጠና ዘጠኝ ደግሞ የተነካ ነው። እስቲ እርስዎ ለእንግዳ የተቆረሰ ድፎ ያቀርባሉ?»

«የሚታፈነው እኮ ባሌ ነው!»

«እሱን ብለን አይደል እንዴ የምናስቀምጠው?» አሉ አቶ መኩሪያ፤ ድምፃቸው በእውነተኛ ሐዘን ተንቀጠቀጠ።

ጋሽ ኃይለኪሮስን ጎረቤት ተሸክሞ አወረዳቸው፤ በተጠራ ታክሲ ክሊኒክ ተወሰዱ። ሲመለሱ እንደ ወጉ ብርቱካን ይዘን ልንጠይቃቸው ሄድን። አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከአንዱ ቃል ወደሚቀጥለው ለመሻገር ዳገት የሚወጡ ይመስላሉ።

«ጋሽ ኃይለኪሮስ፣ ደስ ይበልዎት» አሉ አቶ መኩሪያ እጃቸውን ይዘው፤ «መቶው አልተነካም።»

«እኔስ…» አሉ ጋሽ ኃይለኪሮስ። «እኔ… ስንት… ላይ ነኝ?»

ጥያቄው ከኮሚቴው ሥልጣን ውጪ ስለነበር ብርቱካኑን አስቀምጠን ወጣን።

የክብር እንግዳው ቀጠሮ ተያዘ። እንግዳው ስብሰባ ስለነበራቸው ተላለፈ። ከዚያ ሥልጠና ሄዱ። ከዚያ ሥልጠናውን የሚገመግም ስብሰባ ነበረባቸው። በጋው በሙሉ ፀሐይዋ ጣራችን ላይ ስትንቀለቀል ከረመች፤ እኛም መብራት በሄደ ቁጥር ደረጃውን በስልክ መብራት እየዳበስን ወጣን። በአጠገባችን ያሉት ብሎኮች ሻማ ብቻ ነበራቸው፤ እኛ ሻማም ባትሪም ነበረን። ወይዘሮ ዕፀገነት ሲሊንደር ለማስሞላት ከአራብሳ እስከ ቦሌ ሲመላለሱ የታክሲ ረዳቶች ሁሉ ለመዷቸው፤ አንዳንዱማ ለሲሊንደሩ ሒሳብ መጠየቅ ተወ።

አንድ ቀን ነገሩ ከንክኖኝ ለኢዩ ደወልኩለት።

«ባትሪው ፉል ስለሆነ ሶላሩ ሥራ ፈቷል» አለኝ። «ፀሐይዋ ኃይል ይዛ ትመጣለች፣ እናንተ ቦታ የለም ብላችሁ ትመልሷታላችሁ። ሲሪየስሊ፣ እንደዚህ ዓይነት ደንበኛ አጋጥሞኝ አያውቅም።»

ይህን ለአቶ መኩሪያ ሳደርስ ደረታቸው ተነፋ። «ፀሐይን ከደጁ የመለሰ ኮሚቴ ከእኛ በቀር ማን አለ?» አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ እንደ ስኬት ቀረበና በጭብጨባ ጸደቀ።

ክረምቱ መግቢያ ላይ፣ ሰማዩ በደመና እንደተከደነ በዋለ አንድ ቅዳሜ፣ የክብር እንግዳው ይመጣሉ ተባለ። ድንኳን ተተከለ። ከፊት ረድፍ የሚቀመጠው ባለ መደገፊያ ወንበር ከወይዘሮ አፀደ ሳሎን ወረደ፤ ላስቲኩም ተገፈፈለት። የየቤቱ የቡፌ ብርጭቆ ወጥቶ ታጠበ፤ አንዳንዶቻችን የራሳችንን ብርጭቆ መለየት አቃተን። ሁሉም ተሟልቶ ሳለ ግን ያልታሰበ እክል ገጠመን፤ መብራት አልሄደም።

«ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው?» አቶ መኩሪያ በላብ ተጠመቁ። «ሲፈለግ የማይሄድ መብራት ምን ያደርጋል? ባትሪው በምን ይታይ?»

ከብዙ ምክክር በኋላ የብሎኩን ዋና ማጥፊያ ራሳችን እንድናጠፋና ባትሪውን ለድንኳኑ ብቻ እንድናገናኝ ተወሰነ። ማጥፊያውን የመጫኑ ታሪካዊ ተግባር ለእኔ ተሰጠኝ።

«አራተኛ ፎቅስ?» አልኩ ከመሄዴ በፊት።

«ሲሊንደር አላቸው አይደል?»

«ያለቀ መሰለኝ።»

አቶ መኩሪያ አሰቡ። «ንግግሩን አጭር አደርገዋለሁ» አሉ።

ሄጄ አጠፋሁት። ድንኳኑ ውስጥ የተዘረጉት ባለ ቀለም አምፖሎች በባትሪው ሲበሩ እልልታው ቀለጠ። አቶ መኩሪያ ማይክራፎኑን ጨብጠው ስለ ታዳሽ ኃይል ገና መናገር ሲጀምሩ ከደረጃው በኩል ግርግር ተሰማ። ወይዘሮ ዕፀገነት ነጭ በነጭ ለብሰው ከፊት ይመራሉ፤ ከኋላቸው አራት ጎልማሶች አንድ ሰው በወንበር ተሸክመዋል፤ አምስተኛው ማሽን ታቅፏል። ሰው በእንዲህ ያለ ክብር ሲመጣ የክብር እንግዳ ካልሆነ ማን ይሆናል? ድንኳኑ በሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አንዷ ልጅ እቅፍ አበባውን ሮጣ ሰጠች።

ጋሽ ኃይለኪሮስ አበባውን እንደታቀፉ ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ አረፉ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ወይዘሮ ዕፀገነት መሬት ላይ የተጋደመውን ዲቫይደር አገኙት፤ የአምፖሎቹን ሶኬት ነቅለው የማሽኑን ሰኩ። ማሽኑ ጢጥ አለና ማጉረምረም ጀመረ።

«ወይዘሮ ዕፀገነት!» አቶ መኩሪያ ማይክራፎኑን በመዳፋቸው ሸፍነው አጠገባቸው ደረሱ። «ይሄ እኮ የክብር እንግዳው ወንበር ነው! ጋሽ ኃይለኪሮስ ነዋሪ ናቸው እንጂ እንግዳ አይደሉም!»

«ነዋሪ ሆኖ አልሆነለትም» አሉ ወይዘሮ ዕፀገነት፤ «ዛሬ እስቲ እንግዳ ሆኖ ይሞክረው።»

ይህን እንዳሉ የእንግዳው መኪና ደረሰ። እንግዳው ወረዱ፤ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ፣ እቅፉ ላይ የእሳቸው አበባ። አቶ መኩሪያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንግዳው ግን የሠለጠኑ ሰው ናቸውና ካሜራውን አይተው ፈገግ አሉ፤ ከጎን በቀረበላቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይም ተቀመጡ።

«የተከበራችሁ ነዋሪዎች» አሉ ሪባኑን ከቆረጡ በኋላ፤ «ልማት ማለት ይኸው ነው! አባታችን በፀሐይ ኃይል ሲተነፍሱ በዓይናችን እያየን ነው! ይህን አዘጋጅቶ ያሳየንን ኮሚቴ አመሰግናለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ከእኔ የሚበልጡ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ፤ ሁሉም ነገር ልክ እንዲህ እንዳለ ይጠብቀን። አባታችንም በዚሁ ወንበር፣ በዚሁ ሁኔታ!»

ጭብጨባው ድንኳኑን አነቃነቀው። የለስላሳው ጠርሙስ ተከፈተ፤ በሠርግ ብርጭቆዎቻችንም ሌሎች ሰዎች ጠጡባቸው። እንግዳው ሲሸኙ አቶ መኩሪያ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከሽኝት ተመልሰው በኮሙናሉ መስኮት ወደ ውስጥ ሲያዩ ግን ክው ብለው ቀሩ። ቁጥሩ ዘጠና ስድስት ይላል።

በጥድፊያ ወደ ጋሽ ኃይለኪሮስ መጡና ጎንበስ አሉ። እንደ ንስሐ አባት ለስለስ ባለ ድምፅ ነበር የተናገሩት።

«ጋሽ ኃይለኪሮስ፣ ሰምተዋል፤ ትልቁ እንግዳ ሊመጡ ነው። ባትሪውን አሁን ዘግተን መቶው እንዲመለስ እናደርጋለን፤ ያን ዕለት ግን የመጀመሪያው ሶኬት የእርስዎ ነው። እርስዎም አደራዎን… እስከዚያ እንዳይሻልዎት።»

ወይዘሮ ዕፀገነት ቀና ብለው አዩዋቸው።

«አትስጋ መኩሪያ» አሉ። ሰብሳቢያችንን አንተ ሲሏቸው የመጀመሪያቸው ነበር። «አንተ ሰብሳቢ ሆነህ እሱ አይሻለውም።»

ከዚያ ተነስተው ወደ ኮሙናሉ ሄዱ። በሩን ዘጉ፤ ለምረቃው በሩ ላይ ተሰክቶ በዋለው ቁልፍ ቆለፉት፤ ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ባለቤታቸው አጠገብ ተመልሰው ተቀመጡ። ማሽኑ ማጉረምረሙን ቀጠለ። ከነጠላ ላይ ቁልፍ ስለማስፈታት የኮሚቴው መተዳደሪያ ደንብ የሚለው ነገር የለም፤ ስለዚህ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

አቶ መኩሪያ መስኮቱ ሥር ቆሙ። ሰማዩ አልተገለጠም፤ ያጠፋሁትን ማጥፊያ መመለስም ለማናችንም ትዝ አላለንም። ዘጠና አምስት ሆነ። ዘጠና አራት ሲሆን ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። እኛም ጎረቤት ነንና አንጀታችን አልቻለም፤ ወንበር አቀረብንላቸው፣ ነጠላ አለበስናቸው፤ ድንኳኑም ተተክሎ ስለነበር ሳናፈርስ ተውነው። ከታች ካሉት ብሎኮች ጭምር ሰው ሰምቶ መጣ። ሁሉም በተራ በተራ አጠገባቸው እየደረሰ ጎንበስ ብሎ እግዚአብሔር ያጽናዎት አላቸው።

ጋሽ ኃይለኪሮስም ወግ አዋቂ ናቸውና ዝም አላሉም። ከተቀመጡበት ሆነው፣ አንዲት ቃል ሳትቆራረጥባቸው፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ መኩሪያ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ የባሰ አያምጣ» አሉ፤ በአንድ ትንፋሽ።