ከእጅ ወደ እጅ የሚዘፈን ዘፈን

አንድ ሰው ብቻውን ሲዘፍን ከተገኘ «ምን ነካው?» ይባላል። ሃያ ሆነው ሲዘፍኑ ግን ወንበር ይደረደርላቸዋል፤ ለስላሳም ይቀርባል። ልዩነቱ እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት እብደት በቁጥር ሲበዛ ባህል ይሆን ይሆናል።

እኛ ነገሌዎች ሃያ ሁለት ነን። ስም ለማውጣት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀን። «የመዘምራን ቡድን» ሲባል ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ተያዩ። «የዘፈን ቡድን» ሲባል ደግሞ ጴንጤዎቹ ደነገጡ፤ ዘፈን ኃጢአት ነው። በመጨረሻ «የድምፅ ቡድን» ተባልን። የመሣሪያውም ነገር እንዲሁ ሆነ። ከበሮ የኦርቶዶክስ ነው ተባለ፤ ኪቦርድ የጴንጤ፤ ድቤ የመንዙማ። ለማንም ሳያደላ የቀረልን ጉሮሮ ብቻ ነበር። ደግሞስ ምን ጎደለን? ሃያ ሁለት ጉሮሮ አንድ ላይ ሲከፈት ደረት ውስጥ የሚገባውን ነገር የትኛው ኪቦርድ ይሰጣል?

የሚመሩን ሻምበል ጌታሁን ናቸው። በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ጥሩምባ ሲነፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚሁ ነገሌ ከጦር ካምፑ አጠገብ ቀሩ። ለሳቸው ዜማ ማለት ሰልፍ ነው።

ባለቤቴ ከቡድኑ መሥራቾች አንዷ ነበረች። ካረፈች ዘጠኝ ወር ሆናት። ስለሱ ብዙ አልጽፍም። ለቅሶው ሲያልፍ ሻምበል ቤቴ መጡና «ቦታዋ ባዶ ሆኖ ሰልፉ ተበላሸብኝ፤ ናና ቁም» አሉኝ። «አንቱ፣ እኔ እኮ ድምፅ የለኝም» ብላቸው «ቁም አልኩህ እንጂ ዝፈን መቼ አልኩህ?» አሉ።

ሄጄ ቆምኩ። ብቻዬን ግን አይደለም። ልጄ ኦብሴ ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ በኦሮምኛ ትዕግሥተኛ እንደ ማለት ነው። ልጅቷ ግን ይህ የተነገራት አይመስልም። እናቷ ካለፈች ወዲህ ከእኔ ክንድ ከወረደች ሰፈሩ ሁሉ «ደግሞ ማን ሞተ?» እያለ ይወጣል። እኔ ደግሞ ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ጎማ በአንድ እጁ የሚፈታ ሰው ካያችሁ እባካችሁ ላኩልኝ። ደንበኞቼ አንድ በአንድ ሄዱ። ሻኪሶ ያለችው ታላቅ እህቴ ይህን ሰምታ «ለትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል እመጣለሁ። እስከዚያ ሌላ ሰው ካልለመደች ይዣት እሄዳለሁ፤ እኔ ጋ አልቅሳ አልቅሳ ትለምዳለች» አለች። እህቴ አለች ማለት ሆነ ማለት ነው። ሻኪሶ ለመኪና ሩቅ አይደለም። ለአባት ግን ሩቅ ነው።

በሰልፉ ከጎኔ የሚቆሙት ኦቦ ጃርሶ ናቸው። አሁን የከብት ነጋዴ ይሁኑ እንጂ የቦረናው ዱብሉቅ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከጥልቁ ጉድጓድ ውኃ ያወጡ ነበር። እዚያ ወንዶቹ ከታች እስከ አፉ ድረስ ተደርድረው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ሙሉው ይወጣል፣ ባዶው ይመለሳል፤ እጅ እንዳይሳሳት አብረው ይዘፍናሉ። ሻምበል ለትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ይህን ዜማ መረጡ። ታዲያ ኦቦ ጃርሶ እጃቸው ካልተንቀሳቀሰ ድምፃቸው አይወጣም። ሻምበል «እጅ ወደ ታች!» ባሉ ቁጥር ዜማውም አብሮ ይወርዳል። «እጄን አስረው አፌን ዝፈን ይሉታል እንዴ ሻምበል? ውኃው ኮ የሚወጣው በእጅ ነው!» ብለው ተቆጡ። በስንት ሽምግልና ለልምምድ ባዶ ጀሪካን ተፈቀደ። አንድ ወር ሙሉ ስድስት ወንዶች ጀሪካን ስንቀባበል ከረምን። እኔ ዳር ስለምቆም በአንድ እጄ ልጄን ታቅፌ በሌላው ጀሪካኑን ለኦቦ ጃርሶ አቀብላለሁ።

የበዓሉ ዕለት ሻምበል ሐሳባቸውን ለወጡ። «እንግዳ ፊት ቢጫ ጀሪካን አይወጣም፤ የውኃ ወረፋ ያስመስለናል» አሉ። እውነት አላቸው። ግቢው በሰው ተሞልቷል። እህቴ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ለልጅቷ ልብስ የሚሆን ባዶ ሻንጣ እግሯ ሥር አለ።

ዜማው ተነሣ። መጀመሪያ ላይ ኦቦ ጃርሶ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ለጥፈው እንደ ታሰረ ሰው አንጎራጎሩ። ከዚያ ዜማው ሞቀ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጨፍነውም ወደ እኔ ዞሩና እንደ ልማዳቸው እጄ ላይ ያለውን ተቀበሉኝ።

እጄ ላይ ያለችው ኦብሴ ነበረች።

«ኦቦ!» ከማለቴ ልጅቷ ሦስተኛው ሰው ጋ ደረሰች። የወር ልምምድ ቀላል አይደለም፤ ሁሉም ሳያስብ ይቀበላል፣ ሳያስብ ያቀብላል። ሙሉው እንደሚወጣ ወጣች። ዳር ስትደርስ እንደ ባዶው ተመለሰች። አፏን ለለቅሶ ከፍታ ነበር የሄደችው፤ ስትመለስ በዚያው አፍ ትስቃለች። ወደ እኔ ሲያደርሷት እጄን ዘረጋሁ። አየችኝ። ፊቷን አጨማደደችና ጮኸች። ኦቦ ጃርሶ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እንደገና ወደዚያ ላኳት፤ ጸጥ አለች።

ሻምበል የማቆሚያ ምልክት ሰጡ። ማን አይቶት? የጉድጓድ ዜማ የሚያልቀው ከብቱ ጠጥቶ ሲረካ ነው፤ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ደግሞ ከብት አልነበረም። ልጄ ስድስት ጊዜ ተመላለሰች። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ርእሰ መምህሩ የውኃን ጥቅም የሚያሳይ ትዕይንት መስሏቸው በንግግራቸው አመሰገኑን።

እህቴ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ እኔ መጣች። «ልጅቷስ ምንም አልሆነች» አለችኝ፤ «አንተ ነህ እንጂ እጅህን እንደ ዘረጋህ የቀረኸው። ለአንተ ምን ይሻልሃል?» ባዶ ሻንጣዋን ይዛ በማግስቱ ማለዳ ተሳፈረች።

እኔም ያን ቀን ኦብሴን ለኦቦ ጃርሶ ባለቤት ሰጥቼ ሱቄን በሁለት እጄ ከፈትኩ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ አንድ ጎማ ፈታሁ፤ ሦስት ጊዜ ደግሞ «ደህና ናት ወይ?» ልል ሄድኩ። በሦስተኛው ሴትዮዋ ብቅ አሉና «ናጋ ነው፣ ሰላም ነው! ሂድ፣ ልጅቷን አታስለቅስብኝ» ብለው በሩን ዘጉብኝ።