ዘግይቶ ለመጣ ሰው የተሠራ ሕግ

«ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» ያለው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ ራሱ አርፋጅ እንደነበረ ግን አልጠራጠርም። እኔም ልፈርድበት አልችልም። ባቡር ሁለት ደቂቃ ሲዘገይ በድምፅ ማጉያ ይቅርታ በሚጠየቅበት አገር ይኸው ሃያ ዓመት ኖሬ፣ ቤተ ክርስቲያን የምደርሰው ግን ዛሬም ቅዳሴው ከተጋመሰ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ያረፈደ ቦታውን ያውቃል፤ በር አጠገብ ይቆማል፣ ሳይቆርብ ይመለሳል። አለቀ።

ዙሪክ ውስጥ ሥራዬ አረጋውያንን መርዳት ነው። በየጠዋቱ ከዋሊሰለን ተነሥቼ ሄር ቦልማን (በእኛ አቶ ቦልማን) የሚባሉ አይሁዳዊ ሽማግሌ አለብስና ወደ ምኩራባቸው አደርሳቸዋለሁ። ካልሲያቸው ብቻ ሩብ ሰዓት ስለሚፈጅብን ሁልጊዜ እናረፍዳለን። እኔ እቁነጠነጣለሁ፣ እሳቸው ቀስ ይላሉ።

አንድ ጠዋት ምኩራቡ በር ላይ ስንደርስ አላስችል አለኝና «ሄር ቦልማን፣ ዛሬም የጸሎቱ ግማሽ አለፈዎት እኮ!» አልኳቸው።

«ሕግ አለው» አሉ።

«ለአርፋጅ?»

«ለአርፋጅ ነዋ! በሰዓቱ የደረሰ ምን ያደርግለታል?»

ሕጉ እንዲህ ነው። ከዋናው ጸሎት በፊት የሚደገም የዳዊት መዝሙር አለ። ዘግይቶ የገባ ሰው «ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ» ካለ ማኅበሩን መቼም አይደርስበትም። ስለዚህ ዋና ዋናውን ብሎ ሌላውን ይዘልላል፤ ሰዉ ለጸሎት በዝምታ ሲቆም አብሮ ይቆማል። የዘለለውን በኋላ ቁጭ ብሎ ይደግማል።

«ሁሉንም?» አልኳቸው።

«መዝሙሩን። ከመዝሙሩ በፊትና በኋላ የሚባለው ቡራኬ ግን ካመለጠኝ አመለጠኝ፤ አይደገምም» አሉና ገቡ።

እዚያው በር ላይ ስጠብቃቸው ስልኬ ጠራ።

«እማማ፣ ቢኒያም ነኝ።»

«የትኛው ቢኒያም?»

«የማሕሌት ባል።»

አትፍረዱብኝ፤ ወይም ፍረዱ። ልጄ ማሕሌት ጄኔቭ ነው የምትኖረው። የዛሬ ሁለት ዓመት ጴንጤ አገባች፤ ሠርጉ በእነሱ አዳራሽ ነው ሲሉኝ ቀረሁ። ሃይማኖቴን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ለካ የጠበቅሁት ኩርፊያዬን ኖሯል። አሁን ቢኒያም የሚነግረኝ ልጃቸው በሰባት ወሩ ሞቶ እንደተወለደ፣ ከተቀበረም አራት ቀን እንደሆነው ነው። ማርገዟን የሰማሁትም ያን ጊዜ ነው።

ሄር ቦልማንን ቤታቸው መልሼ፣ ጄኔቭ በሚሄደው ባቡር ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ንግግር ስሰድር ሄድኩ። «መጀመሪያ ነገር አንቺ ሳታማክሪኝ…» ብዬ ከሥር ከመሠረቱ። ጄኔቭ ሊቀርብ ሎዛን ስንደርስ፣ በንግግሬ ገና የሠርጉ ዋዜማ ላይ ነበርኩ።

ግራንድ ሳኮኔ የሚባለው የጄኔቭ ሰፈር ከአውቶቡስ ወርጄ ቤታቸው ስገባ፣ ሳሎኑ በማኅበራቸው ሰዎች ተሞልቷል። ማሕሌትን ከበው፣ አንገታቸውን ደፍተው በዝምታ ይጸልያሉ። እንደ ልማዴ በሩ ጋ ልቆም ነበር። ከዚያ ከስታ አየኋት። ሁለቱን ዓመት ከነንግግሬ ዘልዬ፣ በሰዎቹ መሐል አልፌ አጠገቧ ቆምኩ። እነሱ በራሳቸው ጸሎት፣ እኔ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት። ቀና ሳትል እጄን ያዘችኝ። ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል።

ሰዎቹ ሲወጡ ቢኒያም ከእግሬ ሥር ተንበረከከ። «እማማ፣ በሠርጋችን ቀን አልመረቁንም። ዛሬ ይመርቁን።»

«ተዋት ቢኒ» አለች ማሕሌት። «ደክሟታል።»

የሙሽራ ምርቃት መቼም ይታወቃል። ሌላ ቃል ብፈልግ፣ ብፈልግ ከአፌ ጠፋ። የሕፃኑ አልጋ ሳይገጣጠም፣ ከነካርቶኑ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ውለዱ፣ ክበዱ» አልኩ።

ቢኒያም አሜን አለ። ማሕሌት ብድግ ብላ የእንግዶቹን ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች።